የሪንድ ጎሳ አመጣጥ፣ ፍልሰትና ታሪክ፦ የባሉች “ግንድ” ከየት መጣ?

ሪንድ ከባሉች ጎሳዎች መካከል ስሙ እጅግ የገነነ ነው። አባላቱ ዛሬ በፓኪስታን ባሉቺስታን ክፍለ ሀገር በካቺ ሜዳ፣ የአለቃቸው መቀመጫ በሆነችው በሾራን ዙሪያ፣ ከኢራን ድንበር ጥግ በመክራን በምትገኘው በማንድ፣ እንዲሁም በሲንድና በፑንጃብ ቆላዎች ተበትነው ይኖራሉ። የጎሳው ክብር ግን ከቁጥሩ ወይም ከመሬቱ ስፋት የመጣ አይደለም። ማሪ፣ ቡግቲ፣ ለጋሪና ሌሎችም ትልልቅ ጎሳዎች ዘራቸውን ሲቆጥሩ ከሪንድ ግንድ የወጣን ቅርንጫፎች ነን ይላሉ። ስለዚህ የሪንድን አመጣጥ መመርመር የባሉች ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገረውን ታሪክ በሙሉ መፈተሽ ይሆናል።

ጉዳዩ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል አከራክሯል። ክርክሩን ያወሳሰበው የማስረጃ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ሲጠየቁ መኖራቸውም ነው። የመጀመሪያው የባሉች ቋንቋ ከየት መጣ የሚል ነው። ሁለተኛው ዛሬ ባሉች የሚባሉት ሰዎች በሥጋ የእነማን ዘሮች ናቸው የሚል ነው። ሦስተኛው ሪንድ የሚባለው ጎሳ መቼና እንዴት ተደራጅቶ ስመ ገናና ሆነ የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱ ማስረጃ አለው፤ የአንዱ መልስም ለሌላው አይሆንም። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃል ግጥሙ የሚተርከው

ባሉቾች ታሪካቸውን ለረጅም ዘመን ያቆዩት በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ግጥም ነው። ግጥሞቹን ከአባት ለልጅ እየተቀባበሉ የሚያዜሙት አዝማሪዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ የብሪታንያ መኮንኖች ጥቂቶቹን በጽሑፍ ማስፈር ጀመሩ። ሰፊውን ስብስብ ያዘጋጀው በፑንጃብ አስተዳደር ያገለገለው ሎንግዎርዝ ዴምስ ሲሆን፣ ሥራው የታተመው በ1907 ነው።

የዘር ሐረጉን የሚዘረዝረው ግጥም እንዲህ ይተርካል። ባሉቾች የነቢዩ መሐመድ አጎት የሚር ሐምዛ ልጆች ናቸው። ቀድሞ በሐለብ፣ በሶርያ ይኖሩ ነበር። በ680 በከርበላ በተደረገው ውጊያ የነቢዩን የልጅ ልጅ የሑሴንን ወገን ደግፈው ከኸሊፋው ከየዚድ ጋር ስለተጣሉ አገር ለቀው ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። ከዚያም ሲስታን ደርሰው ሸምስ አድ ዲን የተባለ ደግ ንጉሥ ተቀበላቸው። በእርሱ እግር የተተካው በድር አድ ዲን ግን ጨካኝ ሆነባቸው፤ ከአርባ አራቱ የባሉች ወገኖች ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ልጃገረድ እንዲላክለት አዘዘ። ባሉቾች እሺ ብለው ወንዶች ልጆችን የሴት ልብስ አልብሰው ላኩለት፤ ተንኮሉ ሳይታወቅ በፊትም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ መክራን ወረዱ።

በዚያን ጊዜ የሁሉም መሪ ሚር ጀላል ኻን ነበር። አራት ወንዶች ልጆች ወለደ፤ ሪንድ፣ ላሻር፣ ሆትና ኮራይ። ጃቶ የምትባል አንዲት ሴት ልጅም ነበረችው። ዐምስቱ ታላላቅ የባሉች ክፍሎች ስማቸውን የወረሱት ከእነዚህ ልጆች ነው። ሪንድ የበኩር ልጅ ስለሆነ የአባቱን ጥምጥም ወረሰ፤ ጎሳውም በዚህ የተነሣ የሁሉ ታላቅ ሆነ።

የዚህ ተረክ ክብደት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሲስታኑ ሸምስ አድ ዲን በታሪክ የሚታወቅ ገዥ ሲሆን የሞተው በ1164 ነው። በድር አድ ዲን የሚባል ገዥ ግን በሲስታን የገዥዎች ዝርዝር ውስጥ ተለይቶ አልታወቀም። በጀላል ኻንና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በነበረው በሚር ቻከር መካከል የተቆጠሩት ትውልዶች ለሦስት መቶ ዓመት የሚበቁ አይደሉም። ከሐምዛ እስከ ጀላል ኻን ያለው ዘመን ደግሞ ከዚያ የባሰ ባዶ ነው። ከነቢዩ ቤተሰብ ጋር የሚያያዝ የዘር ሐረግ በእስልምናው ዓለም ዳርቻ የሚኖሩ ብዙ ሕዝቦች ያላቸው የክብር መታወቂያ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐረግ በሥጋ መወለድን ከሚያስረዳው ይልቅ ባለቤቱ በእምነቱ ዓለም ሊይዝ የሚፈልገውን ቦታ በግልጽ ያስረዳል።

ቀዳሚዎቹ የጽሑፍ ምስክሮች

ስለ ባሉች የሚናገሩ ጽሑፎች በእርግጠኝነት የሚጀምሩት በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አል ኢስታኽሪና ኢብን ሐውቀል የተባሉት መልክዐ ምድር ጸሐፊዎች “በሉስ” የሚሏቸው ሰዎች በከርማን፣ በደቡብ ምሥራቅ ኢራን፣ ቁፍስ ከሚባል ሌላ የተራራ ሕዝብ አጠገብ እንደሚኖሩ ጽፈዋል። በ982 የተጻፈው “ሑዱድ አል ዓለም” የተባለው የፋርስኛ መጽሐፍም እዚያው አካባቢ ያስቀምጣቸዋል። የቡወይህ ሥርወ መንግሥት ገዥ አዱድ አድ ዳውላ በ970 አካባቢ በሁለቱም ሕዝቦች ላይ ዘምቶ ክፉኛ መትቷቸዋል።

የኋለኞቹ ጸሐፊዎች ባሉቾችን የሚያነሡት በአብዛኛው ከበረሃ መንገድ ዘረፋ ጋር አያይዘው ነው። የሰልጁቆች ሚኒስትር የነበረው ኒዛም አል ሙልክ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፍ የሚተርከው ታሪክ አለ። የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ከአንድ የነጋዴ ጓድ ጋር የተመረዘ ፖም ላከ፤ ዘራፊዎቹ ጓዱን ማርከው ፖሙን በሉና አለቁ ይላል። መጽሐፉ ለነገሥታት ምክር የተጻፈ ስለሆነ ተረኩን ቃል በቃል መውሰድ አይቻልም። ሆኖም በዚያ ዘመን የባሉች ስም በከርማንና በሲስታን መካከል ባለው በረሃ የታወቀ እንደነበር ያረጋግጣል።

ከዚህም ወደ ኋላ የሚወስደው የፊርዶውሲ “ሻህናሜ” ነው። ግጥሙ ባሉቾችን በጥንታዊው ንጉሥ በከይ ኾስሮው ሠራዊት ውስጥ ያሰልፋቸዋል፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገዛው አኑሺርቫን እንደ ቀጣቸውም ይናገራል። ይሁን እንጂ ፊርዶውሲ ሥራውን የፈጸመው በ1010 አካባቢ፣ ከአኑሺርቫን ዘመን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የገዛ ዘመኑን ሕዝብ ስም ወደ ጥንቱ ወስዶት ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ እስካሁን አልተወገደም።

በእነዚህ ሁሉ ጽሑፎች ውስጥ ሪንድ የሚል የጎሳ ስም አይገኝም። የ10ኛው ክፍለ ዘመን ባሉቾች መኖራቸው ቢታወቅም፣ ሪንድ ያኔ ነበረ ማለት አይደለም።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን መላምቶች

አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ወደ አካባቢው ሲገቡ እያንዳንዱ የየራሱን መልስ ይዞ ወጣ። በ1810 በባሉቺስታን የተጓዘው ሄንሪ ፖቲንጀር ባሉቾች ከሰልጁቆች ጋር የመጡ ቱርክማኖች ናቸው አለ። ሄንሪ ቤሊው ከሕንድ ራጅፑቶች ጋር አዛመዳቸው። ሌሎች ደግሞ የስሙን ድምፅ ተከትለው ወደ ባቢሎን ነገሥታት ወሰዷቸው። የእነዚህ መላምቶች የጋራ ድክመት በስም መመሳሰል ላይ መቆማቸው ነው።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁለቱ ዛሬም ይጠቀሳሉ። ሞክለር በ1895 ባቀረበው ጽሑፍ የባሉች ብዙኃን በጥንት ግሪኮች ዘንድ ገድሮሲያ ይባል በነበረው በመክራን ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ናቸው፤ ሪንዶች ግን ከዐረብ የመጡ የተለየ ወገን ናቸው ሲል ተከራከረ። ዴምስ በበኩሉ በ1904 ባሳተመው መጽሐፍ ባሉቾች በመሠረቱ ኢራናዊ ሕዝብ ናቸው፤ ከሰሜን ወደ ከርማን፣ ከከርማን ወደ መክራን፣ ከመክራን ወደ ኢንደስ ሸለቆ ደረጃ በደረጃ ወረዱ ብሎ ደመደመ።

የሁለቱ ልዩነት መሠረታዊ ነው። ሞክለር ሕዝቡን ነባር፣ መሪዎቹን ደግሞ መጤ ያደርጋል፤ ለዴምስ ግን ፍልሰቱ የመላው ሕዝብ ነው። በዝርዝሩ የዴምስ ሐሳብ በቋንቋ ጥናት ተደግፏል። ሞክለር ያነሣው “የመሪዎቹ ታሪክና የሕዝቡ ታሪክ አንድ ላይሆን ይችላል” የሚለው ጥያቄ ግን አልሞተም።

ቋንቋው ምን ይመሰክራል?

ባሉችኛ ከሰሜን ምዕራብ የኢራን ቋንቋዎች ምድብ ነው። የሚነገረው ከፓሽቶና ከሕንድ ወገን ቋንቋዎች ጎን ቢሆንም ዝምድናው ከኩርድኛና በጥንት ጊዜ ይነገር ከነበረው የፓርታውያን ቋንቋ ጋር ነው። በድምፅ አወቃቀሩ ደግሞ ፋርስኛ የለወጣቸውን የጥንት ድምፆች ጠብቆ ያቆየ ነው። በፋርስኛ ውሃ “አብ” ሲሆን በባሉችኛ “አፕ” ነው፤ ቀን በፋርስኛ “ሩዝ” ሲሆን በባሉችኛ “ሮች” ነው። በሁለቱም ቃላት ላይ አሮጌው ድምፅ የሚገኘው በባሉችኛ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ቋንቋው በአንድ ወቅት ከዛሬው ቦታ በስተሰሜን ምዕራብ ይነገር ነበር የሚል ነው። ብዙ ሊቃውንት ከካስፒያን ባሕር በስተደቡብ ያለውን አካባቢ ያመለክታሉ። ይህ ከሐለቡ ተረክ ጋር አይስማማም፤ ባሉችኛ ውስጥ ያሉት የዐረብኛ ቃላት በአብዛኛው በሃይማኖትና በፋርስኛ በኩል የገቡ ናቸው እንጂ ከሶርያ የመጣ ሕዝብ ይዟቸው የመጣ አይመስሉም።

ሦስቱ የባሉችኛ ዘዬዎች ምዕራባዊ፣ ደቡባዊና ምሥራቃዊ ናቸው። ለሪንድ ታሪክ የሚጠቅመው ነጥብ የማንድ ሪንዶች ደቡባዊውን፣ ወደ ኢንደስ የወረዱት ጎሳዎች ግን ምሥራቃዊውን የሚናገሩ መሆናቸው ነው። በምሥራቁ ዘዬ ያው የውሃ ስም “አፍ” ሆኗል። ልዩነቱ በመክራን የቀሩትና ወደ ምሥራቅ የተጓዙት ተለያይተው ብዙ ዘመን መቆየታቸውን ያሳያል።

ቋንቋ ግን ከሰው ተለይቶ ይጓዛል። ጥቂት ኃያላን ይዘውት ሲመጡ ብዙኃኑ ሊቀበሉት ይችላሉ። ባሉቾች ከብራሁዪ ጋር ያላቸው ጉርብትና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብራሁዪኛ ከደቡብ ሕንድ የድራቪዳ ቋንቋዎች ጋር የሚመደብ ሲሆን በባሉችኛ ቃላት ተሞልቷል፤ ከብራሁዪ ቤተሰቦችም ብዙዎቹ ባሉችኛን አፍ መፍቻ አድርገዋል።

የዘረ መል ጥናቶች

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከፓኪስታን የተሰበሰቡ የባሉች፣ የብራሁዪና የመክራን ነዋሪዎች ናሙናዎች በዓለም አቀፍ የዘረ መል ጥናቶች ውስጥ ተካተዋል። ውጤቶቹ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ባሉችና ብራሁዪ በቋንቋ ፈጽሞ ቢለያዩም በዘረ መል እጅግ ይቀራረባሉ፣ ሁለቱም ከኢራን ደጋና ከኢንደስ ሸለቆ ሕዝቦች መካከል የሚቀመጡ ናቸው። ሕዝቡ በጅምላ ከሶርያ ወይም ከዐረብ ምድር መምጣቱን የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም።

በመክራን ጠረፍ ናሙናዎች ላይ ደግሞ የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ የባንቱ ተናጋሪዎች ድርሻ በግልጽ ታይቷል። ይህም በሕንድ ውቅያኖስ የባሪያ ንግድ ወደ ጠረፉ የተጋዙ አፍሪካውያን የተዉት ውርስ ነው። ዘሮቻቸው ዛሬ ባሉችኛ ይናገራሉ፤ ባሉች ነን ይላሉ።

እነዚህ ጥናቶች ገደብ አላቸው። ናሙናዎቹ የተለዩት በቋንቋና በአካባቢ እንጂ በጎሳ ስላይደለ ስለ ሪንድ ለብቻው የሚናገሩት የለም። ሪንድ ከጎረቤቶቹ በደም ይለያል ወይስ አይለይም የሚለው ጥያቄ ከእነርሱ መልስ አያገኝም።

ከከርማን ወደ መክራን

የፍልሰቱን ምክንያትና ጊዜ በተመለከተ ሁለት ዋና አቋሞች አሉ። የመጀመሪያው በዴምስ የተቀረጸው ነው፦ ሰልጁቆች በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከርማንን ሲይዙ ባሉቾች ወደ ሲስታንና ወደ መክራን ተገፉ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሞንጎሎች ወረራና ያስከተለው ትርምስ ደግሞ ወደ ኢንደስ አቀረባቸው። በዚህ አቋም መሠረት የግጥሙ የሲስታን ምዕራፍ የእውነተኛ ጉዞ ትዝታ ነው።

ሁለተኛው አቋም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሰው ልጅ ባህል አጥኚዎች ያቀረቡት ነው። ብራያን ስፑነር የመሳሰሉ አጥኚዎች “ባሉች” የሚለው ስም በመጀመሪያ ከከተሞችና ከመንግሥታት ቁጥጥር ውጭ ለሚኖሩ ልዩ ልዩ የበረሃና የተራራ ማኅበረሰቦች ይሰጥ የነበረ መጠሪያ ሊሆን ይችላል ይላሉ። በዚህ አመለካከት አንድ ሕዝብ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ አልደረሰም፤ ጥቂት ቡድኖች ቋንቋውንና ስሙን ይዘው ሲንቀሳቀሱ ሌሎች ተቀላቀሏቸውና ባሉች ሆኑ።

ሁለቱ አቋሞች ፈጽሞ አይቃረኑም። የቋንቋው ጉዞ መሪ ቡድኖች በእርግጥ ከሰሜን ምዕራብ መምጣታቸውን ይጠይቃል፤ የዘረ መሉ ውጤት ደግሞ አብዛኛው ሕዝብ በደረሱበት አገር ነባር ከሆነው ጋር የተዋሐደ መሆኑን ያመለክታል። ያልተወሰነው የሁለቱ መጠን ነው፤ ስንቱ መጣ፣ ስንቱስ እዚያው ነበር?

ሚር ቻከርና የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት

ሪንድ በታሪክ ብርሃን ውስጥ የሚገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በሚር ሸይሐክና በልጁ በሚር ቻከር ዘመን ነው። ሪንዶችና ላሻሮች ከመክራን ተነሥተው ካላትን ከያዙ በኋላ በቦላንና በሙላ መተላለፊያዎች በኩል ለም ወደሆነው የካቺ ሜዳ ወረዱ። ቻከር ሲቢን መቀመጫው አደረገ፤ የላሻሮቹ አለቃ ጓህራም በጋንዳቫ ተቀመጠ።

ሁለቱን ወንድማማች ጎሳዎች ያጣላው ነገር በግጥሞቹ ውስጥ በዝርዝር ይነገራል። ጎሐር የምትባል ብዙ ግመል ያላት ባለጸጋ ሴት ከላሻሮች አካባቢ ሸሽታ ወደ ቻከር ተጠጋች። ቻከርም በባሉች ደንብ ጥበቃው ውስጥ አስገባት። አንድ ቀን የጓህራም ልጅ ራመንና የሪንዱ ረይሐን በፈረስ ግልቢያ ተወዳደሩ፤ ዳኞቹ ለሪንዱ ፈረዱ። ፍርዱ አድሏዊ ነው ብለው የተቆጡት ላሻሮች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የጎሐርን ግመል ግልገሎች አረዱ። በቻከር ጥበቃ ሥር ያለች ሴት ንብረት መነካቱ የቻከርን ክብር መንካት ነበር፤ ጦርነቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተካሄደ ይባላል።

በናሊ ውጊያ ሪንዶች ክፉኛ ተሸነፉ። ቻከር ራሱ ከሞት የተረፈው ከጠላት ወገን በሆነው በላሻሩ ኖድባንዳግ ነው፤ እናቱ የሪንድ ልጅ የነበረችው ይህ ሰው ቻከርን በገዛ ባዝራው ላይ አስቀምጦ አሸሸው። የግጥሞቹ ዓለም ይህን የመሰለ ነው፤ የወገን ታማኝነት፣ የእናት ወገን ዕዳና ለተጠጋ ሰው የሚደረግ ጥበቃ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የቻከርን ነውር የማይሸሽጉ ግጥሞችም አሉ። የሃኒና የሼ ሙሪድ የፍቅር ታሪክ ቻከር የሌላውን እጮኛ በብልሃት እንደነጠቀ ይናገራል። ጀግናውን ብቻ የሚያወድስ ሥነ ቃል ቢሆን ኖሮ ይህን አያቆይም ነበር።

ግጥሞቹ ከታሪክ ጋር የሚገናኙበት ዋና ነጥብ ቻከር ከሽንፈቱ በኋላ ከሄራቱ ሱልጣን ከሑሴን ባይቀራ እርዳታ ጠየቀ የሚሉበት ቦታ ነው። ሑሴን ባይቀራ ከ1469 እስከ 1506 የገዛ የታወቀ ንጉሥ ነው። የካንዳሃሩ ገዥ የነበረው ዙንኑን ቤግ አርጉንም በግጥሞቹ ውስጥ ይነሣል፤ እርሱም በ1507 ከኡዝቤኮች ጋር ሲዋጋ የሞተ የታሪክ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት የጦርነቱ ማብቂያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ መሆኑ ተቀባይነት አግኝቷል። የሚያከራክረው “ሠላሳ ዓመት” የሚለው ቁጥር፣ የጦርነቱ መነሻና በውስጡ የአርጉኖች ድርሻ ነው። በዘመኑ የሙጋል ሥርወ መንግሥት መሥራች ባቡር ካንዳሃርን እየተጫነ ስለነበር፣ የዙንኑን ልጅ ሻህ ቤግ ፊቱን ወደ ሲቢና ወደ ሲንድ አዞረ፤ ካንዳሃርም በ1522 በባቡር እጅ ገባች። ሪንዶችንና ላሻሮችን ከካቺ የነቀላቸው የእርስ በርስ ጦርነት ብቻ ሳይሆን ይህ ከሰሜን የመጣ ግፊትም እንደነበር ማሰብ ተገቢ ነው። ግጥሙ ነገሩን የወንድማማች ጠብ አድርጎ ያስታወሰው የክብር ጥያቄ ስላለበት ነው።

ከሲቢ ወደ ፑንጃብ

ከዚህ በኋላ ያለው የፍልሰት ምዕራፍ በፋርስኛ ዜና መዋዕሎች የተደገፈ ነው። ባሉቾች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ሙልታን መግባት ጀምረው ነበር፤ የላንጋህ ሥርወ መንግሥት ሱልጣን ዶዳይ ለሚባለው የባሉች ወገን አለቃ ለማሊክ ሶህራብ በኢንደስ ዳር መሬት ሰጥቶታል። ባቡር በ1519 ወደ ፑንጃብ ሲዘልቅ በቤራና በኹሻብ ባሉቾችን እንዳገኘ በማስታወሻው ጽፏል። ሚር ቻከርም ከነልጆቹ ወደ ሙልታን ሄዶ መሬት ጠየቀ። በ1540ዎቹ የሼር ሻህ ሱሪ የጦር አዛዥ ሀይባት ኻን ኒያዚ ወደ ሙልታን ሲዘምት ቻከር የሳትጋራ ጌታ ሆኖ በዜና መዋዕል ተጠቅሷል። መቃብሩ ዛሬ በፓኪስታን ፑንጃብ፣ በኦካራ አውራጃ፣ በዚያው በሳትጋራ ይገኛል።

ግጥሞቹ ታሪኩን ከዚህም አልፈው ይወስዱታል፤ በ1555 የሙጋሉ ንጉሥ ሁማዩን ዴልሂን መልሶ ሲይዝ ድሉን ያስገኘው የቻከርና የልጁ የሻህዳድ ጦር ነው ይላሉ። የሙጋል ቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ለባሉቾች ያን ያህል ድርሻ አይሰጡም። ባሉቾች በዘመቻው ተካፍለው ሊሆን ይችላል፤ የድሉ ባለቤት መሆናቸው ግን ከግጥሙ ውጭ ድጋፍ የለውም።

የዚህ ምዕራፍ ትልቁ ውጤት ጎሳው መከፋፈሉ ነው። አንዱ ክፍል በመክራን ቀረ፤ ሌላው በካቺ በሾራን ጸና፤ ሦስተኛው በፑንጃብና በሲንድ ገበሬዎች መካከል ቋንቋውን እየለቀቀ የሪንድን ስም ብቻ ይዞ ኖረ። ዛሬ ፑንጃብኛ፣ ሰራይኪ ወይም ሲንድኛ የሚናገሩ ብዙ ሪንዶች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከካላት መሳፍንት እስከ ፓኪስታን

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቀዳማዊ ናሲር ኻን የተጠናከረው የካላት መስፍንነት በብራሁዪ ቤተሰብ እጅ ነበር። የካቺ ሪንዶች በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጦር የሚያዋጡ ባለመሬቶች ሆነው ታቀፉ። ከላሻር የሚመዘዙት የጃሉ መግሲዎች ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ የሁለቱ ጠብ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቀጥሏል። በሲንድ ደግሞ ከለጋሪ የወጡት ታልፑሮች እስከ 1843 ገዙ፤ በዚያ ዓመት በሚያኒ ውጊያ በብሪታንያው ጄኔራል በቻርልስ ኔፒየር ተሸንፈው አገሩ በብሪታንያ እጅ ገባ።

ቻርልስ ኔፒየር ከሲንድ ወረራ በኋላ ያቋቋመው የባሉች ክፍለ ጦር ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋርም ይገናኛል። ይህ ክፍለ ጦር በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ በመቅደላ በዘመተው የሮበርት ኔፒየር ሠራዊት ውስጥ ነበረ። ሆኖም የክፍለ ጦሩ ስም ባሉች ይሁን እንጂ ወታደሮቹ ከሲንዶች፣ ከፓሽቱኖችና ከሌሎችም የተመለመሉ ነበሩ። ስም የአንድን ስብስብ ሰዎች ዘር እንደማያስረዳ በዚህም ይታያል።

በ1871 የካላትና የኢራን ወሰን ሲከለል የመክራን ባሉቾች በሁለት መንግሥታት ተከፈሉ። በ1876 የብሪታንያው ባለሥልጣን ሮበርት ሳንድማን ካላትንና ሰርዳር የሚባሉትን የጎሳ አለቆች በማስቱንግ ስምምነት አስታርቆ የሰርዳሮቹን ሥልጣን በብሪታንያ ድጎማ አጸና። ካላት በ1948 ከፓኪስታን ጋር ተዋሐደ፤ የሰርዳርነት ሥርዓት በ1976 በሕግ ተሻረ። በተግባር ግን የጎሳ አለቆች፣ የሪንድን ጨምሮ፣ በምርጫና በሽምግልና ጉልህ ቦታ ይዘው ቀጥለዋል።

ጎሳ የደም ነው ወይስ የቃል ኪዳን?

የአሁኑ ክርክር ከ“የት መጡ” ይልቅ “ጎሳ ምንድን ነው” ወደሚለው አዘንብሏል። ለዚህ መሠረት የጣለው ዴኒስ ብሬይ ስለ 1911 የባሉቺስታን ሕዝብ ቆጠራ ያቀረበው ዘገባ ነው። ብሬይ እንዳስተዋለው የባሉች ጎሳ የሚቆመው በአንድ አባት ልጅነት ሳይሆን ደስታንና ሐዘንን በጋራ በመካፈል ነው። አዲስ መጤ ከጎሳው ጋር ደም ከመለሰ፣ ካሳ ካዋጣና መሬት ከተካፈለ አባል ይሆናል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላም የዘር ሐረጉ ከግንዱ ጋር ይያያዝለታል። ፍሬድሪክ ባርት በ1960ዎቹ በፓሽቱንና በባሉች ወሰን ላይ ያደረገው ጥናት ይህን አጸና። የባሉች ጎሳ ከላይ እስከ ታች በአለቃ የተደራጀ ስለሆነ ከወገናቸው የተነጠሉ ፓሽቱኖችን በቀላሉ ተቀብሎ ባሉች ያደርጋቸዋል።

የባሉቾች ሥነ ቃል ራሱ ይህን አይደብቅም። የዶዳዮች ታሪክ ግልጽ ምስክር ነው። ዶዳ የተባለው የሲንድ ሰው ከወገኖቹ ተባርሮ በባዝራው ኢንደስን ዋኝቶ ተሻገረ፤ በብርድ ሊሞት ሲል ሳልሔ የተባለ ሪንድ ከጎጆው አስገብቶ አሞቀው፣ ልጁንም ዳረለት። ከእርሱ የተወለዱት ዶዳዮች ባሉች ሆኑ፤ ዴራ ጋዚ ኻን ከተማን የመሠረቱት የጋዚ ኻን ወገኖች ከእነርሱ ናቸው። በባዕድነት የመጣ ሰው በሪንድ ሴት በኩል ባሉች ሆኖ ከተማ የሚያቆም ወገን አባት እንደሆነ ግጥሙ በኩራት ይናገራል።

በዚህ ብርሃን ሲታይ የጀላል ኻን ልጆች ዝርዝር የጎሳዎችን የማዕረግ ቅደም ተከተል የሚወስን ሰነድ ይሆናል። ሪንድ በኩር የተባለው በቻከር ዘመን ኃያል ስለነበረ ነው እንጂ፣ በኩር ስለነበረ ኃያል አልሆነም የሚለው ትርጓሜ ከማስረጃው ጋር የበለጠ ይስማማል። ብዙ ጎሳዎች ከሪንድ ነን ማለታቸውም በዚሁ ይገለጻል፤ የሪንድ ስም ክብር የሚያስገኝ ስም ነበር።

ይህን ትርጓሜ የማይቀበሉ የባሉች ጸሐፊዎች አሉ። የዘር ሐረግ በትውልዶች መካከል ቢቆራረጥም እምብርቱ እውነት ነው፤ የውጭ አጥኚዎች ሥነ ቃልን ከጽሑፍ በታች አድርገው ያያሉ ይላሉ። ክሱ በከፊል ተገቢ ነው። ግጥሙ የሚያነሣቸው ሑሴን ባይቀራ፣ አርጉኖችና ሳትጋራ በጽሑፍም ይታወቃሉ። ነገር ግን የግጥሙ ታማኝነት የሚጸናው ለቻከር ዘመን ነው፤ ለሐለብና ለከርበላ ሊዘረጋ አይችልም።

ያልተፈቱ ነጥቦችና የማስረጃው ሚዛን

ሦስት ጉዳዮች ክፍት ናቸው። አንደኛው ባሉቾች ከርማን የደረሱበት ጊዜ ነው፤ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ያለው ሁሉ በቋንቋ ግምት ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ያለው የመክራን ታሪክ ነው፤ ሪንድ እንደ ጎሳ የተፈጠረው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊሆን ቢችልም እስካሁን በጽሑፍም ሆነ በቁፋሮ የበራለት ጥቂት ነው። ሦስተኛው በመክራን በቀሩት ሪንዶችና በካቺ ባሉት መካከል ያለው ግንኙነት ነው፤ የማንድ ሪንዶች ከጥንቱ የቀሩ ናቸው ወይስ ከቻከር ሽንፈት በኋላ የተመለሱ የሚለው አልተቆረጠም።

ለሦስቱ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ግን ከሞላ ጎደል ተለይቷል። የባሉች ቋንቋ ከሰሜን ምዕራብ ኢራን ወገን የመጣ መሆኑ የጸና ነው። የሕዝቡ የሥጋ ዝምድና ከኢራን ደጋና ከኢንደስ ጎረቤቶቹ ጋር መሆኑ በጥናት ተደግፏል፤ የሐለቡ አመጣጥ ግን በማስረጃ አልተደገፈም። ሪንድ እንደ ጎሳ የታወቀው ታሪኩ የሚጀምረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በመክራንና በካቺ መካከል ነው፤ ታላቅነቱንም ያገኘው ስደተኛን፣ ባዕድንና ተሸናፊን ወደ ራሱ ስም በማስገባት ችሎታው ነው።